መብራት ሲጠፋ የት ይሄዳሉ?

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የድርሰት ሰዓት ሲደርስ መምህራችን «ተነሺና አንብቢ» እንዳይሉኝ እየፈራሁ ርእሱን ብቻ ጽፌ እሰጣቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ፤ ርእሱ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ ማለት ነው። ዛሬ ከርእሱ አልፌ ልሄድ ነው። ብደነቃቀፍ ታገሱኝ። የምነግራችሁን ነገር ግን አሁንም ሳስበው ልቤ እንደዚያን ቀን ይመታል።

ያኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ በር ላይ ቆሎ እሸጥ ነበር። ሌሎቹ ሻጮች «ትኩስ ነው፣ ቅመሱት» እያሉ ሠራተኛውን ይጠራሉ። እኔ ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ። የሚገዛኝ የሚያውቀኝ ሰው ብቻ ነው። በሩ አጠገብ ባጃጁን አቁሞ ደንበኛ የሚጠብቅ ገመቹ የሚባል ልጅ ሁልጊዜ ይቀልድብኛል።

«ከሁለቱ እህትማማቾች የማትሰማውና የማትናገረው የትኛዋ ናት? እኔ እስካሁን አልለየሁም» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

የማትሰማው ታላቅ እህቴ አማረች ናት። ሕፃን ሳለች ታማ ነው መስማት ያቆመችው። ከከምባታ ወደ ሰበታ ሥራ ፍለጋ ስትመጣ አባታችን «ጆሮ ሁኛት» ብሎ እኔን አብሮ ላከኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የሁለታችን አፍ እሷ ነበረች። ገበያ ስንወጣ በእጇ እየተከራከረች፣ ሽንኩርቱን እያገላበጠች፣ ሻጩን እያሳቀች የምታስቀንሰው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ ዘንቢል ይዤ እቆማለሁ።

ፋብሪካው ውስጥ ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት መስማት የተሳናቸው ሴቶች ነበሩ፤ ፋጡማና ደራርቱ። ሦስቱንም የመደቧቸው አዳራሹ መጨረሻ ላይ፣ ጩኸቱ ከሁሉም የሚብስ ማሽን ላይ ነው። «እናንተን አይረብሻችሁም» ተብለው። ካቦው ሲፈልጋቸው የበላያቸውን መብራት አጥፍቶ ያበራል። ብልጭ ሲል ቀና ብለው ያዩታል። ሥራ ማቆም፣ ፈረቃ መቀየር፣ ምሳ መውጣት፣ ሁሉም በዚያ መብራት ነበር። ሌላው ሠራተኛ ደግሞ በር አጠገብ የተንጠለጠለ ብረት በመዶሻ ሲመታ ይወጣል።

ሕይወት የምትባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቤታችን የመጣችው አንድ እሑድ ከቸርች እንደተመለስን ነው። ስለ ሦስቱ ሴቶች ከፋጡማ አጎት ሱቅ ሰምታ፣ ከአየር ጤና ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሰው እየጠየቀች ደረሰች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትልቅ ቦርሳ የተሸከመች ልጅ ናት። በርጩማ ሰጠናት። መቅጃዋን አወጣችና አፌ ሥር ደቀነችው።

«እህትሽ መስማት አለመቻሏ ምን ስሜት ይፈጥርባታል?»

ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሰው እንደዚያ ቀርቦ ጠይቆኝ አያውቅም። አማረች የእኔን ፊት አየች፣ መቅጃውን አየች፣ ሕይወትን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠፈጠፈችው። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። መቅጃውን ከሕይወት እጅ ወስዳ ራሷ ፊት አስቀመጠችና ደረቷን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ምን እያለች ነው?» አለችኝ ሕይወት።

«እ… 'እኔ እዚህ ነኝ። እኔን ጠይቂኝ' ነው የምትለው።»

ሕይወት አፈረች። ግን አላኮረፈችም። በርጩማዋን ወደ አማረች አዞረች። «ልክ ነሽ። ይቅርታ። አማረች፣ ምን ይሰማሻል?»

አማረች ትንሽ አሰበችና ሆዷን ያዘች።

«'ርቦኛል' ትላለች» አልኩ። «'በምሳ ሰዓት ነው የመጣሽብን' ትላለች።»

ሦስታችንም ሳቅን። ምሳ ቀረበ፤ አብረን በላን። ከምሳ በኋላ ሕይወት ጥያቄዋን ቀየረች። ስለ ስሜት ተወችና «አንድ የሥራ ቀንሽን ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ። ምንም ሳታስቀሪ» አለቻት። አማረች እጇን ፈታች። መብራቱን፣ ካቦውን፣ ክሩ ሲበጠስ እንዴት እንደምትቀጥለው፣ የማሽኑን መታመም በእግሯ ንዝረት እንዴት እንደምታውቀው፣ ሁሉንም ነገረቻት። እኔ ተረጎምኩ። የራሴ ቃል ስላልሆነ ነው መሰለኝ ድምፄ ወጣ።

ወሬው ሞቅ እንዳለ መብራት ሄደ። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ በሩም ተገጥሞ ስለነበር ጨለመ። አማረች በርጩማዋን አንጠልጥላ ውጭ ወጣችና ግቢው መሃል ተቀመጠች።

«ምነው? ደከማት እንዴ?» አለች ሕይወት። «እኔ በጨለማም እቀዳለሁ።»

ይህን ስነግራት አማረች የሞኝ ጥያቄ እንደ ጠየቋት ሁሉ ትከሻዋን ነቀነቀች። «በጨለማ እንዴት ይወራል? እጄ ይታያታል?»

ሕይወትም በርጩማዋን ይዛ ወጣች። «ይቺን በጭራሽ አላሰብኳትም ነበር» አለችኝ። ስትሄድ ተቀጣጠርን። በሥራ ቀን መጥታ፣ ኃላፊዎቹን አስፈቅዳ፣ ሴቶቹን ማሽናቸው ላይ ልታያቸው።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተነሥቶ ዙሪያችን ሁሉ ይናጥ ነበር። አንድ ቀን ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ ሌላ ቀን ሱሉልታ። የገበሬው ልጅ «መሬታችን ሊሄድ ነው» ይላል። ወታደር የጫነ መኪና ያልፋል። እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ታስቀራለች። እኛ ግን ከቤት ብንውል የምንበላው የለንም። አማረች ወደ ማሽኗ፣ እኔ ወደ በሩ።

ሕይወት በቀጠሮዋ ቀን ከምሳ በፊት ደረሰች። የመጣችበት ሚኒባስ የመጨረሻው ነበር። «ከኋላችን ድንጋይ እየደረደሩ ነው» አለችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ከቆሎዬ ዘገን አድርጋ አፏ ውስጥ ሳትከተው ከውስጥ ብረቱ መመታት ጀመረ። እንደ ምሳ ደወል አይደለም። ያለ ማቋረጥ ነው።

ትንሿ በር ተከፈተችና ሠራተኛው ፈሰሰ። ነጠላዋን የጣለች፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ያላት፣ ጓደኛዋን በስም የምትጣራ። ከመንገዱ ላይ ጭስ ይታያል፤ ጎማ ነው የሚነደው። የእያንዳንዷን ፊት አየሁ። አማረች የለችም። ፋጡማ የለችም። ደራርቱም። ፊቶቹ እየሳሱ ሄዱ። ከእነሱ ጎን የምትሠራ አንዲት ልጅ አየሁና እጇን ያዝኳት።

«አማረችስ?»

«ማሽናቸው ጋ የሉም። ቀድመው ወጥተዋል» ብላኝ ሮጠች።

እኔ ከበሩ አልተነቃነቅሁም። ሳላያት ልታልፍ አትችልም።

ጥበቃው ኦቦ ቶሎሳ ሰንሰለቱን በትልቁ በር ላይ ይጠመጥሙ ጀመር። ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኔ ቆሎ ሲገዙ ሁልጊዜ ይመርቁኛል።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እህቴ አልወጣችም» አልኩ። ዞር ብለው አላዩኝም። ድምፄ ከጥርሴ አላለፈም መሰለኝ። ሕይወት ሰማችኝና ተነሣች።

«አባቴ፣ ሦስት ሴቶች ውስጥ ቀርተዋል።»

«ማንም የለም ልጄ። ሁሉም ወጥቷል።»

«በምን አወቁ?»

«እኔው ነኛ የዞርኩት። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር 'የቀረ ሰው አለ? ሰው አለ ወይ?' እያልኩ ጮኼ ተጣራሁ። አንድም የመለሰልኝ የለም።»

ሕይወት በቀስታ፣ «ለማን ነው የጮኹት?» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ሰንሰለቱን መጠምጠም አቆሙ። «ያ ዋቃዮ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። «ዲዳዎቹ… ግን እኮ ማሽናቸው ባዶ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ሽንት ቤቱንም አይቻለሁ።»

ሕይወት ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘች። «ታዱ፣ እይኝ። አባቴ፣ እርስዎም ያስታውሱ። መጀመሪያ የሆነው ምንድን ነው? ደወሉ ነው መብራቱ?»

«መብራቱ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ኤሌክትሪሻኑ ለጥንቃቄ ብሎ ሁሉንም አጠፋ። ብረቱ የተመታው ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው።»

«እሺ። መብራት ሲጠፋ እነ አማረች የት ይሄዳሉ?»

አላውቅም ልል ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ገብቼ አላውቅማ። ግን ዓይኔ ላይ የእሑዱ በርጩማ መጣ። አማረች ግቢው መሃል ተቀምጣ፣ «በጨለማ እንዴት ይወራል?» ስትል። መብራት ሄደ ማለት ለእሷ ማሽኑ ቆመ፣ እረፍት ሆነ፣ ወሬ ተጀመረ ማለት ነው። ሰበታ ላይ መብራት የማይሄድበት ሳምንት የለ። እነሱ እኮ የሚያውቁት መብራት መሄዱን ብቻ ነው።

«ብርሃን ወዳለበት» አልኩ። «ለማውራት ብርሃን ይፈልጋሉ። ኦቦ ቶሎሳ፣ ውስጥ ብርሃን ያለው የት ነው?»

«አዳራሹማ ድቅድቅ ነው። ብርሃን ያለው…» ቆም አሉ። «የጥጥ መጋዘኑ። ጣሪያው ላይ ነጭ ፕላስቲክ አለው።»

ሦስታችንም ወደ ጭሱ ዞርን። ጥጥ እንዴት እንደሚነድ ለመገመት ትምህርት አያስፈልግም።

«ይክፈቱልን» አለች ሕይወት።

ኦቦ ቶሎሳ መንገዱን አዩ። ወጣቶቹ በብዛት ወደ እኛ እየወረዱ ነበር፤ የሚዘፍን አለ፣ ዱላ የያዘ አለ፣ ፊቱን በሻርፕ ያሰረ አለ። «አሁን ብከፍት ተከትለው ይገባሉ። ቢነድ፣ ቢዘረፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የልጅ አባት ነኝ። ይለፉና እከፍታለሁ።»

«ባያልፉስ?»

ያኔ እግሬ ተነሣ። ሰፌዱን እንኳ አላስቀመጥኩም፤ ታቅፌው ወደ መንገዱ ሄድኩ። ሰው ፊት «ቆሎ» ብዬ ጮኼ የማላውቅ ልጅ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ቆምኩ።

«ኦቦሌቲን ኮ ኬሳ ጅርቲ» አልኩ። እህቴ ውስጥ ናት ማለቴ ነው። ኦሮምኛዬ ገበያ ላይ የለቀምኩት ነው፤ እስከዚያን ቀን ከሰላምታና ከዋጋ አልፎ አያውቅም። ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት። አሁንም ዘፈኑ ዋጠኝ። በሦስተኛው ግን ከሆዴ ነው የወጣው። ራሴ ደነገጥኩ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ፊት ለፊት ያሉት ቆሙ። ከመካከላቸው ፊቱን የሸፈነ አንድ ልጅ ሻርፑን ወደ አገጩ ሳበው። ገመቹ ነው፣ ባለ ባጃጁ።

«አንቺ» አለ። «ትናገሪያለሽ እንዴ?»

ከኋላው አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«እናገራለሁ» አልኩ። «የማትሰማው እህቴ ናት። ህን ዸጌሱ፣ አትሰማም። ደወሉን አልሰማችም። ፋጡማም አለች፣ ደራርቱም አለች። ጥጥ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እኛ ብቻ እንግባ፣ እናውጣቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ደራርቱ የትኛዋ? የአዴ ጫልቱ ልጅ?»

«እሷው።»

ገመቹ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ በፍጥነት ተናገረ። ግማሹን ያዝኩ። ሊሆን ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ያኔ አንዱ ከኋላ ወደ ሕይወት ጠቆመ።

«ይቺስ? መቅጃ ይዛለች። ጋዜጠኛ ናት።»

ነገሩ ባንዴ ተቀየረ። «ለማን ነው የምትቀጂው?» አላት አንዱ። «የሚሆነው ሌላ፣ እናንተ የምታወሩት ሌላ» አለ ሌላው። እየጠበቡ መጡ። ሕይወት ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም። መቅጃዋን ከአንገቷ አወለቀችና ለገመቹ ዘረጋችለት።

«አልበራም፤ እየው። እስክንመለስ አንተ ጋ ይቀመጥ። የመጣሁት ለሦስቱ ሴቶች ነው። ስለ እናንተ የምለው ካለኝ መጀመሪያ እናንተን ጠይቄ ነው።»

ገመቹ መቅጃውን እያገላበጠ አየው። ከዚያ ኪሱ ከተተውና በሩ ጋ ሄደ። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ይክፈቱላቸው። እዚህ እኔ እቆማለሁ። እነሱ እስኪወጡ ማንም አያልፍም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው፣ አባ።»

ሰንሰለቱ ወደቀ።

እየሮጥን ገባን፤ ኦቦ ቶሎሳ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አዳራሹ ውስጥ ምንም አይታይም። የጥጥ ብናኝ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የስልካችንን መብራት አብርተን በማሽኖቹ መሃል አለፍን። እህቴ በየቀኑ የምትገባበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እንደዚያ ነው፤ በስልክ መብራት፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የብረት በር አለ። ኦቦ ቶሎሳ በትከሻቸው ገፉት።

ብርሃን።

መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ድረስ የጥጥ ጥቅል ነው። ከላይ፣ ከነጩ ፕላስቲክ፣ ብርሃን እንደ ውሃ ይወርዳል። ከብርሃኑ ሥር ደራርቱ ቆማ የካቦውን አካሄድ ታስመስላለች፤ ሆዷን ነፍታ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። ፋጡማ ጥጥ ላይ ተንፈራጣ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች። አማረች ከፍ ያለ ጥቅል ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ተኝታ ነበር። ከውጭ አገሩ ይገለባበጣል። እነሱ እረፍት ላይ ናቸው።

«አማረች! አማረች!» ብላ ሕይወት ጮኸች። ከዚያ ምን እንደሠራች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

እኔ ሰፌዱን እስካሁን እንደታቀፍኩ ነኝ። ቤት ውስጥ ስፈልጋት የማደርገውን አደረግኩ። ቆሎ ዘገን አድርጌ ወረወርኩባት። ፊቷ ላይ፣ ጥጡ ላይ፣ ፋጡማ ላይ ዘነበ። አማረች ብድግ አለች። አየችኝ። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ በእጇ። «ደግሞ ምግብ ትወረውሪያለሽ?»

ልመልስላት እጄን አነሣሁ። እጄ ግን ይንቀጠቀጣል፤ እሳት ልል ሌላ ነገር አልኩ፣ ውጡ ልል ደግሞ ሌላ። ከጥጡ ዘላ ወረደችና ሁለቱንም እጄን ያዘች። እስኪረጋ ያዘችው። ከዚያ ለቀቀችኝና «አሁን ንገሪኝ» አለች።

ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለሁለቱ በአንድ የእጅ ምልክት አስተላለፈችና እኔን በክንዴ ይዛ ስትሮጥ ያወጣችኝ እሷ ናት። ላወጣት ገብቼ ጎትታ አወጣችኝ።

በሩ ላይ ገመቹ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ቆሟል። አንድም ሰው አልገባም። ደራርቱን ሲያይ «ሞኝ፣ እናትሽ በጭንቀት ልትሞት ነው» ብሎ ተቆጣት፤ አልሰማችውም፤ ሳቀችለት። መቅጃውን ከኪሱ አውጥቶ ለሕይወት ሰጣት።

«አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማረች ፊት ቆሙ። «ጮኼ ጠርቻችሁ ነበር በያት» አሉኝ። ነገርኳት። አማረች የካፖርታቸውን እጅጌ ያዘች፣ ሳብ አደረገችው፣ ትከሻቸውንም መታ መታ አደረገች። መተርጎም አላስፈለገኝም። «ሌላ ጊዜ ገብተው እንዲህ ያድርጉኝ» ማለቷ ነው።

ዋናው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር በፉሪ በኩል፣ በእርሻው መሃል ዞረን ቤት ገባን። ከሰዓት በኋላ ከግቢያችን ሆነን ሌላ ጭስ አየን፤ ጥቁር ሳይሆን ነጭ፣ ወፍራም። መጋዘኑ ነበር። ማን እንዳነደደው አላውቅም። ያላየሁትን አልናገርም። ሦስቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ጭሱን አዩት፤ የማናቸውም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ዝምታ በእጅም እንዳለ ያን ቀን አየሁ።

ሕይወት ወደ አዲስ አበባ መመለሻ አልነበራትም። ግቢው ውስጥ፣ ቀን ሳለ፣ በርጩማዎቹን በክብ ደረደረች። መቅጃዋን ከማብራቷ በፊት ሦስቱንም አንድ በአንድ «ልቅዳ?» ብላ ጠየቀች። ፋጡማ «ስሜን ብቻ አትጥሪ» አለች፤ በሬዲዮው ስሟ አልተጠራም። እዚህ ደግሞ ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር አለችኝ። «ታዱ፣ 'ትላለች' አትበይ። 'እኔ' ብለሽ ተርጉሚ። እኔ ዓይኔን ከእሷ አላነሣም፤ አንቺ ድምጿ ነሽ።» እንዳለችኝ አደረግኩ። «እኔ ደወሉን ልሰማ እንደማልችል የቀጠረኝ ያውቃል» አልኩ በአማረች ፈንታ። «እኔን ለጩኸቱ መርጦኛል። ለደወሉ ግን አላሰበኝም።» ይህን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

መንገዱ ሲከፈት ሕይወት በዚያ ብቻ አላቆመችም። ለትርጉም እኔን፣ ለምልከታ አማረችን ይዛ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደች። የያዘችው ጥያቄ አንድ ነው፤ የማይሰማ ሠራተኛ አደጋ ሲመጣ በምን ያውቃል? ሱሉልታ ላይ አንድ ኃላፊ «እኛ ጋ እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም» አሉን። እሳቸው እያወሩ ከኋላቸው በመስኮቱ አንዲት ሠራተኛ አማረችን አይታ በእጇ ሰላም አለቻት፣ ከየት እንደመጣችም ጠየቀቻት። አማረች እየተጨዋወተች ነው፤ ኃላፊው «የለም» እያሉ ነው። ሕይወት ከንፈሯን ነከሰች። «ዞር ይበሉና ይዩ» ብቻ አለች። ቡራዩ ደግሞ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አገኘን። ባለቤቱ ሐጂ ከማይሰማ ሠራተኛቸው ጋር ተመካክረው በጠረጴዛዎቹ ሁሉ ላይ ገመድ ዘርግተዋል፤ አንድ ሰው ጫፉን ሲስብ ሁሉም ጋ የታሰረው ጨርቅ ይወዛወዛል። «ስንት ጊዜ ሞከራችሁት?» ብላ ጠየቀች ሕይወት። አመነች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ገመዱን አስጎትታ አየችው። አንድ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሹሙ ስለ አካል ጉዳተኞች አዋጅ ረጅም ነገር ነገሩን። ሰምታ ሲጨርሱ፣ «አዋጁን አውቀዋለሁ ጌታዬ፤ እኔ የጠየቅኩዎ ስለ ደወሉ ነው» አለቻቸው።

ዝግጅቱ የተላለፈ ቀን ግቢያችን ሞላ። ኦቦ ቶሎሳም መጡ። እኔ ሬዲዮው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ለሦስቱ ሴቶች በእጄ ተረጎምኩላቸው። የሚያስለቅስ ዋሽንት አልነበረበትም። የነበረው የአማረች መዳፍ ጠረጴዛ ሲመታ፣ የእንጨት ቤቱ ገመድ ሲንሻጠጥ፣ የዚያ ሹም ዝምታ። ፋብሪካው ተጠግኖ ሲከፈት አዳራሹ መጨረሻ ላይ በባትሪ የሚሠራ ቀይ መብራት ተሰቀለ፤ መጋዘኑ ውስጥም አንድ ተጨመረ።

እናንተ መቅጃና ካሜራ የምትይዙ ሰዎች፣ እኔ የማስተምራችሁ የለኝም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ሕይወት መጀመሪያ ቀን «ምን ይሰማታል?» ብላ ብትቀር ኖሮ እህቴ ዛሬ የለችም። ያዳናት ያ ተራ የሚመስለው ጥያቄ ነው፤ ቀንሽ እንዴት ያልፋል፣ መብራት ሲጠፋ የት ትሄጃለሽ የሚለው። ወደ ቤታችን ስትመጡ እኛን አጃቢዎቹን አትዩን። የታሪኩን ባለቤት እዩ። ስትሳሳቱም እንደ ሕይወት እፈሩና በርጩማችሁን አዙሩ፤ ማፈር አይገድልም። ከቤታችን ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ በሩን የቆለፈው ሰው ጋ ሂዱ፤ እሱም የሚለው ይኖረዋል፤ ኦቦ ቶሎሳ ክፉ ሰው አልነበሩም።

እኔ አሁንም ቆሎ እሸጣለሁ። ልዩነቱ አሁን እጣራለሁ። ገመቹ «ያኔ ዝም ስትዪ ይሻል ነበር፣ ጆሮዬን በጠስሽው» ይለኛል። ሕይወት ስትደውል ደግሞ ሰፌዴን ለጎረቤት ትቼ ለትርጉም እሄዳለሁ። የምልክት ቋንቋውንም አማረች በምትሄድበት ቸርች በደንብ እየተማርኩ ነው፤ የቤት ምልክታችን እዚያ ሰው ያስቃል።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ትናንት ለአማረች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ነገርኳት። በሩ ላይ ተቀምጠን፣ በብርሃን። ገመቹ ጋ ስደርስ አጨበጨበች። መጋዘኑ ጋ ስደርስ ግን ፊቷ ተቋጠረ። እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

«ተኝታ ነበር ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለችኝ። «አልተኛሁም። ፀሐዩን ፊቴ ላይ እየሞቅሁ ነበር። ያየሽውን ሁሉ የገባሽ አይምሰልሽ። እኔ እዚህ ነኝ፤ ከመጻፍሽ በፊት እኔን ጠይቂኝ።»